የብቻ ባንድ፦ ባሕር ዳር የተገኘው የኃይሉ መርጊያ ካሴት

ብራያን ሺምኮቪትዝ የአፍሪካ ካሴቶችን እያሰሰ የሚሰበስብ አሜሪካዊ ነው። ባሕር ዳርን ሲጎበኝ ሙዚቃ ቤት ገብቶ ካሴት መረጠ። ከመረጣቸው አንዱ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነበር። ከጣና ዳር ጎብኚ ይዞ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል፣ መስቀል ወይም ትንሽ የደንገል ታንኳ ነው። ይህ ሰው ግን አኮርዲዮን የሚያንጎራጉርበትን፣ ከሥሩ የከበሮ ማሽን ሳይሰለች የሚመታበትን የ1985 ሥራ ይዞ ሄደ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህን ካሴት ታሪክ የማነሣው ለዛሬ ልጆች ስል ነው። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ላፕቶፑ ላይ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የተባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም ጭኖ፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ቢት የሚሠራ ወጣት ብዙ ጊዜ «ፈረንጅ የሚቀዳ» ይባላል። ባንድ የለውም፣ አሳታሚ የለውም፤ ከበሮውንም ቤዙንም ኪቦርዱንም ራሱ ነው የሚሞላው። እንዲህ ያለ አሠራር ግን ከኢንተርኔት ጋር የመጣብን አይደለም። ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ለብቻው ከማሽን ጋር ተቀምጦ ሙሉ አልበም ከሠራ 40 ዓመት ሆኖታል።

ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ፤ ልጅ ሳለ አዲስ አበባ ገባ፤ አኮርዲዮንን ራሱን በራሱ አስተማረ። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ በአዲስ አበባ ሒልተን ሠራ። ያ ዘመን የሰዓት እላፊ ዘመን ነው። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ስለማይቻል ክለብ የገባ ሰው እዚያው ያነጋል፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። ሙዚቀኛ ለሰዓታት ሳያቋርጥ መጫወትን፣ አንድን ዜማ አሥር ጊዜ እየገለበጡ ማሰማትን እንዲህ ባለ ሌሊት ቢማር አያስደንቅም። በ1977 ዋልያስ «ቼ በለው»ን አሳተመ። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ይገኛል፤ ዛሬም ከአዲስ አበባ እስከ አውሮፓ ባንዶች ይጫወቱታል።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ተሻገረ። ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች እየተጫወተ ዞረ። ጉዞው ሲያበቃ ግማሹ ተመለሰ፤ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ ቀሩ። ባንዱ በዚያው ተበተነ።

አራት ዓመት ቆይቶ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ተቀመጠ። አኮርዲዮን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ነበሩት። በወጣትነቱ የተጫወተው አኮርዲዮን በኦርጋንና በኪቦርድ ተገፍቶ ከአገር ቤት መድረክ እየጠፋ ነበርና ያንን ድምፅ መመለስ ፈለገ። የመረጣቸውም በአብዛኛው የቆዩ የሕዝብ ዜማዎች ናቸው። አንዱን መሣሪያ ከአንዱ ላይ እየደራረበ ሁሉንም ራሱ ተጫወተ። ብቸኝነት አስገድዶት ነው ወይስ ነፃነት ፈልጎ? ሁለቱም ይመስለኛል። ከባንድ ጋር ቢሆን ኖሮ ያንን ያህል ባዶ ቦታ የሚተውለት አልነበረም፤ ሳክስፎኑም ጊታሩም ድርሻውን ይጠይቅ ነበር።

የሥራው ብልኃት የት እንዳለ ለማየት የማሽኑን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። በዚያ ዘመን የነበሩ የከበሮ ማሽኖች የተሠሩት ለአራት ምት ነው። የሮላንድ ቲ አር 808ን የመሰለው ማሽን 16 ቁልፍ አለው፤ አንዱ ሐረግ በ16 እኩል ክፍል ይቆረጣል። የእኛ ጭፈራ ግን፣ የጎጃሙም የጎንደሩም፣ ብዙውን ጊዜ በስድስት ምት የሚሄድ ነው፤ ሙዚቀኞች «ችክችካ» ይሉታል። ችክችካን እንዲህ ባለ ማሽን ላይ መትከል አራቱን ቁልፍ ትቶ በ12 መቁጠር ይጠይቃል። ይህም ሆኖ የሚወጣው ምት ደረቅ ነው፤ ትከሻ የሚያነሣው ያ ትንሽ መዘግየት፣ ያ ትንሽ መቅደም አይኖረውም። ኃይሉ ማሽኑን ሰው ለማስመሰል አልታገለም። ደረቁን ምት እንዳለ ተወውና ሕይወቱን ሁሉ ወደ አኮርዲዮኑ አዞረው። ከሥር ያለው ምት ቀጥ ብሎ ሲሄድ ከላይ ያለው ዜማ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ይተነፍሳል። አዝማሪ በማሲንቆ የሚያደርገው ይኸው ነው።

በዚያው ዘመን ኒውዮርክ ውስጥ ጥቁር ወጣቶች በተመሳሳይ ማሽኖች ሌላ ነገር እየሠሩ ነበር። ዲጄው አፍሪካ ባምባታ በ1982 «ፕላኔት ሮክ»ን በ808 አወጣ። ኋላ ሳምፕለር መጣ፤ አካይ በ1988 ያቀረበው ኤምፒሲ 60 ከአሮጌ ሸክላ ቁራጭ ቀድቶ በጣት እየመቱ እንደ አዲስ ማቀናበርን ቀላል አደረገው። የዲትሮይቱ ጄ ዲላ ደግሞ ከበሮውን ትንሽ እያዘገየ የሂፕ ሆፕን አካሄድ ቀየረ። የዲላም የኃይሉም ችግር አንድ ነው፦ ማሽን የማያውቀውን ጊዜ ማሽን ላይ እንዴት ማምጣት ይቻላል? መልሳቸው ግን ለየቅል ነው።

ከዚያ ፍርድ ቤት ገባበት። በ1991 ራፐሩ ቢዝ ማርኪ ከጊልበርት ኦሱሊቫን ዘፈን ያለ ፈቃድ ቆርጦ በመጠቀሙ ኒውዮርክ ውስጥ ተረታ። ከዚያ በኋላ የታወቀ የአሜሪካ ዘፈን መቁረጥ ፈቃድም ገንዘብም የሚጠይቅ ሥራ ሆነ። ቢት ሠሪዎች ሰው ያልደረሰበትን ሸክላ ፍለጋ ራቅ ብለው ማየት ጀመሩ፤ የኢትዮጵያም ተራ ደረሰ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በቡዳ ሙዚክ በኩል ማሳተም የጀመረው «ኤቲዮፒክስ» የተባለ ተከታታይ አልበም የአሳታሚዎቹን የአምሃ ሪከርድስንና የካይፋን ዘመን ለዓለም ጆሮ አቅርቦ ነበር፤ በ1998 የወጣው አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ2009 የካሊፎርኒያው ቢት ሠሪ ኦ ኖ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ቁራጮች ላይ የተመሠረተ ሙሉ የቢት አልበም አወጣ። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር»ን ሲያወጡ ከሥር የሚሄደው የሙላቱ «የገሌ ትዝታ» ነበር። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን የሚያወራው በኩራት ብቻ ነው። እኔ ግን ቆርጠው የወሰዱት እነማን እንደሆኑ ስናወራ ማን ተከፈለ የሚለውን መዝለላችን አይዋጥልኝም።

አገር ቤትስ? የ1990ዎቹን የካሴት ገበያ የሚያስታውስ ሰው አንድ ኪቦርድ ባንዱን እንዴት እንደዋጠው ያስታውሳል። ነፋስ መሣሪያው ጠፋ፣ ጊታሩ ጠፋ፤ የአንድ ማሽን ከበሮ ከአንዱ ዘፋኝ ወደ ሌላው ዘፋኝ ተዘዋወረ። ሰው ቢያማርር አይፈረድበትም፤ ብዙው ግብር ይውጣ ሥራ ነበር። ጥፋቱ ግን የማሽኑ አልነበረም። ማሽኑን የባንድ ምትክ ያደረጉት ደካማ ባንድ አወጡ፤ እንደ ኃይሉ ራሱን የቻለ መሣሪያ አድርገው የያዙት ሌላ ድምፅ አገኙ።

ይህን በደንብ ያሳዩን ከ2010 ወዲህ የመጡት የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። እንደገና ሙሉ የተባለው ሙዚቀኛ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ማሲንቆንና ዋሽንትን እየቆራረጠ ከኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጋር ሸመነ፤ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚለውን ስያሜም አስለመደ። ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ። የሁለቱንም ቀደምት ሥራዎች ያሳተመው 1432 አር የተባለ ትንሽ ድርጅት ሲሆን መቀመጫው ኃይሉ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ማሽኑን ያቀናበረባት ዋሽንግተን ነች። ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ»ን ሲያመጣ ደግሞ አንድ ሰው ራሱ አቀናብሮ ራሱ ዘፍኖ አገር ማስጨፈር እንደሚችል ተራው አድማጭም አመነ።

ወደ ካሴቱ ልመለስ። ሺምኮቪትዝ ኃይሉን አፈላልጎ ስልክ ደወለለት። ሰውየው ያኔ በዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ይለማመዳል። ተስማሙና ሺምኮቪትዝ አልበሙን በ2013 እንደገና አሳተመው። እሱም ከሚያሳትማቸው አርቲስቶች ጋር ትርፍን እኩል የመካፈል ልማድ አለው። ኃይሉ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አሳተመ።

ለዓባይ ማዶው ቢት ሠሪ ከዚህ የሚወጣ አንድ ተግባራዊ ጉዳይ አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ይህኛው ዓመት እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው፣ የከዋኙና የድምፅ ቅጂ አሳታሚው መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ከ1985ቱ ካሴት አራት ሰከንድ ቆርጦ ቢት ውስጥ መክተት የሚፈልግ ሰው መጠየቅ አለበት። የቆየውን የሕዝብ ዜማ ግን ማንም ተነሥቶ በራሱ ጣት፣ በራሱ መሣሪያ እንደገና ሊጫወተው ይችላል። ኃይሉም ያደረገው እሱን ነው፤ ከማንም ሸክላ አልቆረጠም።