የኩላሊት ሐኪሞች የምርምር ሥልጠና

በአሜሪካ ሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ ሕክምና የተማረ ሐኪም የኩላሊት ልዩ ሐኪም ለመሆን ቢያንስ ሁለት ዓመት ሲጨምር፣ የፊተኛው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ በሕሙማን አልጋ አጠገብና በዲያሊሲስ ክፍል ያልፋል፤ ምርምርን ሙያው ሊያደርግ የሚሻው ግን ከዚያ በላይ ቆይቶ ስታቲስቲክስን፣ የጥናት አነዳደፍንና ከሕሙማን ፈቃድ የመቀበልን ሥርዓት ይማራል።

ከሁሉ የሚከብደው፣ በእኛ አስተያየት፣ ምን እንደሚለካ መወሰኑ ነው፤ ኩላሊት ሕመሙን ሳይገልጽ የሚደክም ብልት ነውና። የኩላሊት ድካም በደም የሚለካበት ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ ሰውነቱ የመነመነ ሽማግሌ ኩላሊቱ እጅግ ደክሞ ሳለ የደሙ ልክ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ይህን ያላስተዋለ ጀማሪ መዝገቡን በከንቱ ይሞላል።

የመለኪያ ምርጫ ምሳሌ የሚሆነው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመው ካፕቶፕሪል የተባለው መድኃኒት ጥናት፣ ሽንታቸው ፕሮቲን የሚያፈስ 409 የአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕሙማንን ተከታትሎ ዋና መለኪያው ያደረገው የክሬአቲኒን እጥፍ መሆንን ነበር፤ ይህም መድኃኒቱን ከወሰዱት 207 ሰዎች በ25ቱ፣ አስመሳዩን ክኒን ከወሰዱት 202 ደግሞ በ43ቱ ላይ ደረሰ።