የገዛነው ጨዋታ ባለቤቱ ማን ነው?

ልጆቹ ማታ ማታ በር ዘግተው የሚጫወቱትን የኮምፒዩተር ጨዋታ ስሙን እንጂ ምንነቱን የማያውቅ ወላጅ በመካከላችን ብዙ ነው። «ጂ.ቲ.ኤ.» ሲባል ይሰማል፤ መኪና የሚነጠቅበትና ሰው የሚደበደብበት መሆኑን ይሰማል፤ ይቆጣል፤ ከዚያም ወደ ሥራው ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ጨዋታዎቹ ጥሩነትና መጥፎነት መከራከር አይደለም፤ በዚያ ረገድ ብዙ ተብሏል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህን ጨዋታዎች የሚገዙ ሰዎች የጨዋታውን ሆድ ዕቃ ከፍተው እንደገና ይሠሩታል። መንገድ ይጨምራሉ፣ ከተማ ይገነባሉ፣ መኪና ይለውጣሉ። ኩባንያዎቹም አንድ ጊዜ ያመሰግኗቸዋል፣ ሌላ ጊዜ በጠበቃ ደብዳቤ ያስደነግጧቸዋል። ይህ ክርክር ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ ታክሲ መሪ ከመምጣቴ በፊት የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ አስተማሪ ስለ ነበርኩ፣ ነገርን ከሥሩ ማየት ይቀናኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ሁለት ቃላት ላስረዳ። «ክፍት ዓለም» የሚባለው የጨዋታ ዓይነት ተጫዋቹን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል በተራ የሚነዳ አይደለም። አንድ ሙሉ ከተማ ወይም አገር ይሰጠውና ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ የታዘዘውን ትቶ ሲዞር ቢውል የሚከለክለው የለም። በቀድሞዎቹ የጂ.ቲ.ኤ. ጨዋታዎች ታክሲ ነጥቆ ተሳፋሪ እየጫኑ ገንዘብ መሥራት ይቻላል። (መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ የሚጠይቅ ስለሌለ የእኛን ሥራ በጣም አቅልለውታል።) «ሞድ» የሚባለው ደግሞ ጨዋታው ለገበያ ከወጣ በኋላ ተጫዋቹ ራሱ የሚያደርግበት ለውጥ ነው፤ አድራጊው «ሞደር» ይባላል።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ቀልድ ነው። በ1981 ሳይለስ ዋርነር የተባለ አሜሪካዊ «ካስል ዎልፈንስታይን» የሚል ጨዋታ ሠራ። ከናዚዎች ምሽግ ማምለጥ ነው ጨዋታው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣቶች ናዚዎቹን አውጥተው ስመርፍ በሚባሉት የካርቱን ፊልም ሰማያዊ ድንክዬዎች ተኳቸውና «ካስል ስመርፈንስታይን» አሉት። ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር ያገኘው በ1993 ነው። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ላይ «ዱም» የተባለው ጨዋታ ወጣ። የኢድ ሶፍትዌር ዋና ፕሮግራም ጸሐፊ ጆን ካርማክ፣ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ከሥዕሉ፣ ከድምፁና ከካርታው ለይቶ በሌላ ፋይል አስቀመጠ። ይህም ማንም ሰው ዋናውን ሳያበላሽ የራሱን ካርታና ሥዕል እንዲያስገባ በር ከፈተ። ሆን ብሎ ያደረገው ነው። በ1997 መጨረሻ ላይ ደግሞ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ራሱን ለሕዝብ ለቀቀው። ሌላው አምራች ምስጢሩን በካዝና በሚቆልፍበት ዘመን እንዲህ ያለ ሰው መገኘቱ ያስደንቃል።

ከዚህ ልማድ ውስጥ ነው «ካውንተር ስትራይክ» የተወለደው። ሚን ሌ የተባለ ቬትናማዊ ካናዳዊ ተማሪና ጄስ ክሊፍ በ1999 «ሃፍ ላይፍ» በተባለው ጨዋታ ላይ የሠሩት ሞድ ነበር። የሃፍ ላይፍ ባለቤት ቫልቭ በ2000 መብቱን ገዝቶ ሁለቱንም ቀጠራቸው። ዛሬም ድረስ የሞደር ልጅ አባቱን «ይኸውልህ፣ ሥራ ይገኝበታል» ብሎ የሚያሳምነው በዚህ ታሪክ ነው።

ፍርድ ቤቶቹ በበኩላቸው ምን አሉ? ሁለት ፍርዶች አሉ፤ ሁለቱም የተሰጡት በምዕራብ አሜሪካ በሚያስችለው በዘጠነኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው፤ ላይ ላዩን ሲታዩ ግን የሚቃረኑ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የ1992ቱ ነው። ጋሉብ የተባለ ኩባንያ «ጌም ጂኒ» የምትባል መሣሪያ ይሸጥ ነበር። መሣሪያዋ በኒንቴንዶ ማሽንና በጨዋታው ካሴት መካከል ትገባና ለተጫዋቹ ተጨማሪ ሕይወት ወይም ፍጥነት ትሰጠዋለች። ኒንቴንዶ «ሥራዬን ያለ ፈቃድ ለወጣችሁብኝ» ብሎ ተከራከረ፤ ተረታም። መሣሪያዋ ካሴቱን አትነካውም፣ የሚቀር አዲስ ቅጂም አትፈጥርም፤ ሰውየው በገዛ ቤቱ የገዛውን ጨዋታ እንደሚመቸው ቢጫወት ጥፋት የለበትም ተባለ። ክርክሩ እስኪያልቅ ሽያጩ ታግዶ ስለ ነበር ኒንቴንዶ 15 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፍሏል።

ሁለተኛው የ1998ቱ ነው፤ ለሞደሮች ይህኛው ይከብዳል። «ዱክ ኑከም 3ዲ» የተባለው ጨዋታ ካርታ መሥሪያ መሣሪያ አብሮት ይመጣ ነበር፤ ተጫዋቾችም የሠሩትን በነፃ ይለዋወጡ ነበር። ማይክሮ ስታር የተባለ ድርጅት እንዲህ ያሉ 300 ካርታዎችን ለቅሞ በሲዲ መሸጥ ጀመረ። «በካርታዎቹ ውስጥ የእናንተ አንድም ሥዕል የለም፤ ፋይሎቹ የትኛው ሥዕል የት ይቀመጥ ብለው ከማዘዝ በቀር ምንም አልያዙም» ብሎ ተከራከረ። ብልህ ክርክር ነበር። ዳኛው አሌክስ ኮዚንስኪ ግን አልተቀበሉትም። ካርታዎቹ የዚያኑ ጀግና ተከታይ ታሪክ የሚተርኩ ናቸው፤ ተከታይ ታሪክ የመሥራት መብት ደግሞ የባለቤቱ ነው አሉ። ባለቤቱ ለተጫዋቾች የሰጠው ፈቃድም በነፃ ለማካፈል እንጂ ለመሸጥ አልነበረም። ልብ በሉ፤ በዚህ ፍርድ የማይክሮ ስታር ነገር ተዘጋ እንጂ 300ዎቹን ካርታዎች የሠሩት ሰዎች ከማንም ሳንቲም አላገኙም። የእነሱ ድካም ጥያቄ ሆኖ አልቀረበም።

ወደ ክፍት ዓለም ጨዋታዎች ስንመጣ ከሁሉ በፊት የሚጠራው ቤቴስዳ ነው። ስሙን በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች በከተማነቱ እናውቀዋለን፤ ኩባንያውም በ1986 የተመሠረተው እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ኋላ ወደ ሮክቪል ተዛወረ። በ2002 «ሞሮዊንድ» የተባለውን ጨዋታ ለኮምፒዩተር ሲያወጣ ዓለሙን ለማነፅ የሚያገለግለውን መሣሪያ አብሮ ሰጠ። ጨዋታው ከአንድ ሰፊ ክፍለ ሀገር መካከል ያለችውን ደሴት ብቻ ነበር የሚያሳየው። «ታምሪኤል ሪቢልት» በሚል ስም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች የቀረውን ምድር እኛ እንሠራዋለን ብለው የተነሡት ጨዋታው ገና ገበያ ሳይወጣ በ2001 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ ክፍያ የለም።

እዚሁ ኩባንያ በ2008 ያወጣው «ፎልአውት 3» ደግሞ ከኑክሊየር ጦርነት በኋላ ያለችውን ዋሽንግተንን ነው የሚያሳየው። ጆርጅታውንና ዱፖንት ሰርክል ፈራርሰው ይታያሉ። ተሳፋሪ ለመጫን በየቀኑ የምዞርበት ቦታ በመሆኑ መጀመሪያ ሳየው ከበደኝ፤ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት የሚጽፍ አለመኖሩን ሳስተውል ግን ትንሽ ቀለለኝ።

አንድ ወዳጄ በቅርቡ ስለ ልጁ አማከረኝ። ልጁ ከእነዚህ ጨዋታዎች በአንዱ ውስጥ ሰማያዊና ነጩን የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ሠርቶ አስገብቷል፤ ሦስት ወር ፈጅቶበታል። ከመስተዋቱ ላይ ያለው ጥቅስ እንኳ አልቀረም። «ጋሼ፣ ሰዎች ከብራዚል ሳይቀር አውርደውታል» ብሎ አሳየኝ። አባቱ ወደ ጎን ወስዶኝ «አንተ አስተማሪ ነበርክ፤ እስቲ ንገረኝ፣ ይህ ሥራ ነው ወይስ ሥራ ፈትነት?» አለኝ። ሥራ ነው አልኩት፤ ሥራ መሆኑን ለማወቅ ያን ልጅ ከኮምፒዩተሩ ፊት ማየት ይበቃል። ይሸጠው እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን ነገሩ ከበደ። ጨዋታውን ስንጭን ሳናነብ «እስማማለሁ» የምንለው ውል፣ የምንሠራው ሁሉ ለንግድ እንዳይውል ብዙውን ጊዜ ይከለክላል፤ በአንዳንዶቹ ውል ደግሞ ኩባንያው በሞዱ እንደ ልቡ የመጠቀም መብት ይወስዳል። እኔም ብሆን የምነዳው መኪና በስሜ የተመዘገበ ነው፤ ቀለሙን ግን የመረጠልኝ ደንብ ነው።

ሽያጭ አንድ ጊዜ ተሞክሮ ነበር። በኤፕሪል 23 ቀን 2015 ቫልቭና ቤቴስዳ «ስካይሪም» ለተባለው ጨዋታ የሚሠሩ ሞዶች በገንዘብ እንዲሸጡ ፈቀዱ። ከዋጋው 25 በመቶው ለሠራተኛው፣ 30ው ለቫልቭ፣ 45ቱ ለቤቴስዳ ነበር። ይህን ሳነብ በክፍል ውስጥ ሳስተምረው የነበረው የጭሰኛ ምዕራፍ ነው ትዝ ያለኝ። በእኛ አገር ሲሶ አራሽ ከምርቱ አንድ ሦስተኛውን፣ እኩል አራሽ ግማሹን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር፤ በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባለመሬቱ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ስካይሪም ላይ የተደረሰው ልክ እዚያ ጣራ ላይ ነው።

ተጫዋቾቹ በቁጣ ተነሡ፤ በአራት ቀን ውስጥ፣ በኤፕሪል 27፣ ነገሩ ተሰርዞ ለገዢዎች ገንዘባቸው ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር ከቁጣው ውስጥ ግማሹ አልገባኝም። ብዙዎች የጮኹት ክፍፍሉ ትክክል አይደለም ብለው ሳይሆን ሞድ ለዘላለም በነፃ መሆን አለበት ብለው ነው። ሰው ለደከመበት ዋጋ ቢጠይቅ ምኑ ነውር ነው? ሆኖም ያልታሰበ ችግር እንደ ነበረም አልክድም። ሞድ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሞድ ላይ የቆመ ነው። ለሽያጭ ከቀረቡት አንዱ የዓሣ ማጥመጃ ሞድ የሌላ ሞደር ሥራ የሚያስፈልገው ሆኖ በመገኘቱ ወዲያውኑ ጸብ ተነሥቶ ከገበያ ወጣ። ኩባንያውን «የእኛ ነው» ሲሉት የነበሩ ሰዎች በመካከላቸው የማን መሆኑን አላወቁም። ቤቴስዳ በኋላ በ2017 ሞደሮችን በኮንትራት የሚያሠራበትን፣ በ2023 መጨረሻ ደግሞ ሰፋ ያለ የሽያጭ መንገድ አምጥቷል።

ጂ.ቲ.ኤ.ን የሚሠራው ሮክስታርና ባለቤቱ ቴክ ቱ ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የ2005ቱ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። «ሳን አንድሪያስ» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ኩባንያው ሠርቶ ሳያወጣ ቆልፎ የተወው የወሲብ ትዕይንት ነበር፤ አንድ ሆላንዳዊ ሞደር ቁልፉን ከፈተው። ሮክስታር መጀመሪያ ጥፋቱን በሞደሮች ላይ ጣለ፤ ትዕይንቱ ግን በማንም ባልተነካው በቴሌቪዥን ማሽኑ ዲስክ ላይም ተገኘ። በጁላይ ወር ጨዋታው ለአዋቂ ብቻ ተብሎ ተመደበ፤ ትላልቅ መደብሮች ከመደርደሪያቸው አወረዱት፤ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤትም በ355 ለ21 ድምፅ ምርመራ እንዲደረግ ጠየቀ። ባለአክሲዮኖች ያነሡት ክስ በ2009 ከ20 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ስምምነት ነው ያለቀው። እኔ በዚህ ጉዳይ ሞደሩን አልወቅስም። ጓዳ ውስጥ የደበቁትን ዕቃ እንግዳ ቢያየው ጥፋቱ የእንግዳው አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሮክስታር አንዴ ይከለክላል፣ አንዴ ያቅፋል። በ2015 «ፋይቭ ኤም» የተባለውን፣ ተጫዋቾች በራሳቸው ሰርቨር አብረው እንዲጫወቱ የሚያደርግ ሞድ የሠሩትን ሰዎች አካውንት አገደ። በ2017 ቴክ ቱ «ኦፕን ፎር» የተባለውን የሞደሮች ዋና መሣሪያ እንዲቆም በጠበቃ ደብዳቤ አዘዘ፤ ተጫዋቾች በብዙ ሺህ የሚቆጠር መጥፎ አስተያየት ሲያወርዱበት፣ ለብቻ ለሚጫወቱትና ለንግድ ያልሆኑ ሞዶችን በአብዛኛው እንደማይከስ ገለጸ። በ2021 የድሮዎቹን ጂ.ቲ.ኤ. 3ና ቫይስ ሲቲን ፕሮግራም ከውጤቱ ተነሥተው መልሰው የጻፉትን ሰዎች ከሰሰ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኩባንያው ራሱ የታደሱትን የድሮ ጨዋታዎች ለገበያ ሲያቀርብ በጣም ተበላሽተው ስለ ወጡ ይቅርታ ጠየቀ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በኦገስት 2023 የሆነው ነው፤ ያን በ2015 ያሳደደውን የፋይቭ ኤምን ቡድን ገዝቶ የራሱ አካል አደረገው። ምክንያቱ አያሻማም። ሰዎች ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ባለ ሱቅ እየሆኑ የሚኖሩባቸው ሰርቨሮች ለጨዋታው ሁለተኛ ዕድሜ ሰጥተውት ነበር።

ሞደሮቹም ቢሆኑ ለራሳቸው ሥራ ሲሆን እንደ ኩባንያው መናገራቸው አይቀርም። ኔክሰስ ሞድስ የተባለው ትልቁ የሞዶች ማከማቻ በ2021 «ከእንግዲህ የተሰጠንን ፋይል ባለቤቱ ቢጠይቅም አንደመስስም» ብሎ ሲያስታውቅ፣ ብዙ ሞደሮች በተሰጣቸው የአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የዓመታት ሥራቸውን አውጥተው ሄዱ። «የፈጠርኩት የእኔ ነው፤ መቼ እንደሚጠፋም የምወስነው እኔ ነኝ» ነው ክርክራቸው። ቴክ ቱም ከዚህ የተለየ አላለም።

በ2024 የሆነውን ጨምሬ ላብቃ። በጎ ፈቃደኞች በ«ፎልአውት 4» ላይ ለንደንን የሚያህል አዲስ ከተማ ለዓመታት ሲገነቡ ቆይተው፣ «ፎልአውት ለንደን» የተባለውን ሞዳቸውን በኤፕሪል 23 ቀን ሊያወጡ ቀን ቆርጠው ነበር። ቤቴስዳ የዋናውን ጨዋታ ማሻሻያ በኤፕሪል 25 ቀን እንደሚለቅ አስታወቀ። ማሻሻያው ሞዱ የቆመበትን መሠረት የሚለውጥ ስለ ነበር ቡድኑ ቀኑን አራዘመ። ሥራው በመጨረሻ በጁላይ 25 ቀን በነፃ ወጣ፤ ለመጫወት ግን የዘመነውን ጨዋታ ወደ አሮጌው ቅጂ መመለስ ያስፈልግ ነበር። ከቡድኑ አባላት መካከል፣ ሞዱ ከመውጣቱ ቀደም ብሎ፣ ቤቴስዳ ራሱ የቀጠረው ሰው አለ።