ከብቱ ሲወጣ ሙቀቱም ወጣ

ግራና ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ሙቀት ካሰበ፣ የሚያስበው እንዴት እንደሚያመልጠው ነው። የሐብሩ ሜዳ ሞቃት ነው፤ በበጋ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ሥር ከመቀመጥ ዛፍ ጥላ ሥር መዋል ይሻላል። ከግራና ተነሥቶ በመርሳ አድርጎ ወልድያ የገባ፣ ከወልድያም የድልብን ዳገት ወጥቶ ጋሸና ያደረ መንገደኛ ግን በአንድ ቀን ሌላ አገር ገብቷል። ጋሸና 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ጋቢ ብቻውን አያሳድርም።

የሚገርመው ግን ብርዱ አይደለም፣ ቤቱ ነው። ግራና ላይ የሚሠራው አዲስ ቤትና ጋሸና ላይ የሚሠራው አዲስ ቤት አንድ ናቸው። ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ። አንደኛው ባለቤቱን ይጠብሳል፣ ሌላኛው ያንዘፈዝፋል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለዚህ ላስታ ጥሩ ምስክር ነው። ላሊበላ ውስጥ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶች አሉ፤ ዩኔስኮም ስለ ላሊበላ በጻፈው መግለጫ ላይ የላስታ ጎጆ ብሎ ይጠቅሳቸዋል። ክዳናቸው ሣር ነው። ታችኛው ክፍል የከብትና የዕቃ፣ ላይኛው የሰው። ይህን የሚያይ ጎብኚ ብዙ ጊዜ «ቦታ ለመቆጠብ» ይመስለዋል። ነገሩ ከዚያ በላይ ነው። አንድ የአገር ከብት ተኝቶ ሲያመነዥክ እንኳ ጥቂት መቶ ዋት ሙቀት ከሰውነቱ ይወጣል። አምስት ከብት ታች ከታሰረ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ ኪሎዋት በላይ የሚሰጥ ማሞቂያ ተከፍቶ አደረ ማለት ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ የከብቱ ጣሪያ ደግሞ የሰው ወለል ነው። ወፍራሙ ድንጋይ ሙቀቱን ይይዛል፣ ሣሩ እንደ ብርድ ልብስ ከላይ ይሸፍናል። ቆጣሪ አይቆጥርበት፣ መብራት ቢጠፋ አይቋረጥ።

ደርብ የሌለው የደጋ ቤትም ቢሆን የራሱ ዘዴ ነበረው። ከብቱ እዚያው ጣራ ሥር በአንድ ጎን ይታሰራል፤ ሰው በመደብ ላይ ወይም ቆጥ ላይ ይተኛል። ቆጥ ከፍ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ሙቀቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ምድጃው ከወለሉ ላይ ነው፤ ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ ኩበት ቀስ ብሎ ስለሚነድ ረመጡ እስከ ንጋት ይቆያል። ከሥር አጎዛ ወይም ቁርበት፣ ከላይ ባና። ቤት ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ «በምን እናሙቀው?» ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም፤ መልሱ ቤቱ ራሱ ውስጥ ነበረ።

ከሥር ማሞቅ የደጋው ብቻ ብልሃትም አይደለም። ሮማውያን የመታጠቢያ ቤታቸውን ወለል በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ አንሥተው የእሳቱን ትኩስ አየር ከሥሩ ያሳልፉ ነበር። ኮሪያውያን ደግሞ ኦንዶል የሚሉት አላቸው። የማብሰያው ምድጃ ጭስ በወለሉ ድንጋይ ሥር በተሠራ ቦይ አልፎ በሌላኛው ጫፍ ይወጣል፣ ሰው የሚቀመጠውና የሚተኛው በሞቀው ወለል ላይ ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ሲወርዱ የረገጡት ወለሉ የሚሞቅ ቤት ያለበትን አገር ነበር፤ የእነሱ ዕጣ ግን ምሽግ ሆነ። ሮማዊው እሳት፣ ኮሪያዊው ጭስ፣ የላስታው ገበሬ ላም። የላስታዋ ማሞቂያ ወተትም ትሰጣለች።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ ድሮን መናፈቅ ይቀልላል። አይገባም። ጭሱ የስንት እናት ዓይን አበላሽቷል። ቁንጫው እንቅልፍ ይነሣል፤ ብርድ ሸሽቶ በአንድ ልብስ የተጠቀለለ ቤተሰብ ቅማል ይጋራል፣ ከቅማሉ ጋር ተስቦና ግርሻ ይመጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከብት ከሰው መኖሪያ ተለይቶ በረት እንዲገባ ያስተማረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትክክልም ነበር። ነገር ግን ከብቱ ሲወጣ ማሞቂያውም አብሮ ወጣ። በምትኩ ምን ይግባ የሚለው ለየባለቤቱ ተተወ።

ከዚያ በፊት ክዳኑ ተቀይሮ ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ቆርቆሮ በብዛት መግባት ቻለ፤ ከዋና ከተማው ወደ አውራ ጎዳናው ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ገጠሩ ተዛመተ። ሰው የወደደው በከንቱ አይደለም። እሳት አይፈራም፣ በየጥቂት ዓመቱ ሣር ፍለጋ አያስወጣም፣ የደህና ኑሮ ምልክትም ሆነ። ሙቀት ግን አይዝም። ቀን የተቀበለውን ማታ ለሰማይ ይመልሳል። ሊሾውም እንዲሁ ነው፤ በእበት ከተለቀለቀው ወለል ይልቅ ይጸዳል፣ ግን የእግርን ሙቀት ይመጣል።

አዲስ አበባ ራሷ ሙቀት ፍለጋ የተቆረቆረች ከተማ ናት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ምኒልክና ጣይቱ የነበሩበት እንጦጦ ብርዱ የከፋ ነበር፤ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት ያሠሩት፣ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም. የተመሠረተችው ከምድር በሚፈልቅ ሙቅ ውሃ አጠገብ ነው። ያ ውሃ ግን እስከ ዛሬ ገላ ከመታጠቢያና የሂልተንን መዋኛ ከመሙላት ብዙም አላለፈም። አይስላንዶች ተመሳሳይ ውሃ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1930 ሬይክያቪክ ውስጥ በቱቦ ስበው ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መኖሪያ ቤቶች አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋ በሙሉ በዚሁ ሞቀች። እርግጥ የእነሱ ብርድ ይገድላል፣ የአዲስ አበባው ያስነጥሳል ሊባል ይችላል። ነገር ግን የአዲስ አበባውም ይገድላል፤ በሌላ እጅ ነው እንጂ።

እጁ ከሰል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች ብሎኬትና ኮንክሪት ናቸው፤ በፕላናቸው ላይ ማሞቂያ የለም። የግሉም ቤት ቢሆን ያው ነው። ክረምት ሲገባ፣ ወይም አራስ ስትተኛ፣ በከሰል የተሞላ ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። በሣር ቤት ጭሱ በክዳኑ ይሾልክ ነበር፤ ማልቀስና ማሳል ነበረ እንጂ አየሩ ይንቀሳቀስ ነበር። በአዲሱ ቤት ግን ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጫ የለውም። አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛውን አይቀሰቅስም። የእሳትና አደጋ ሠራተኞች ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ፤ ቤተሰብ እንደተኛ የቀረበት ዜና ግን አልቆመም።

ኮሪያዎችም ይህን መንገድ አይተውታል። ከጦርነቱ በኋላ ኦንዶሉን በከሰል ጡብ ማንደድ ጀመሩ፣ ወለሉ ሲሰነጠቅ ጋዙ ወደ መኝታ እየገባ ብዙ ሰው ጨረሰ። እነሱ የሞቀ ወለላቸውን አልተዉም፤ ጭሱን አስወጥተው በቦታው ሙቅ ውሃ አስገቡ። እሳቱ በቦይለር ውስጥ ከመኝታው ራቀ፣ ወለሉ ውስጥ የቀረው ቱቦ ብቻ ሆነ። ዛሬ የኮሪያ አፓርታማ በአብዛኛው የሚሞቀው እንዲህ ነው።

አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ቤቱን ጨርሶ፣ ሴራሚኩን አንጥፎ ከገባ በኋላ ይህንኑ የሚመኝ ሰው ግን ወጪው ሌላ ነው። የውሃ ቱቦ ለመቅበር ወይ ወለሉ ይፈለፈላል፣ ወይ በላዩ ሌላ ወለል ይነጠፋል። ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ ሲል በሮቹ ከሥር ይቆረጣሉ፤ የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ከሌሎቹ ያጥራል። ውሃው ብዙ መሞቅ አያስፈልገውም፣ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ይበቃዋል። ከባዱ ነገር ከሥር ያለው ነው። ወለሉ ድንጋይና ኮንክሪት ብቻ ከሆነ፣ ሙቀት የሚከለክል ንጣፍም ካልተቀመጠበት፣ ከሙቀቱ ብዙው ወደ መሬት ይሰርጋል። ያን ንጣፍ ለማስገባት ትክክለኛው ቀን ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት የነበረው ቀን ነው፤ ዋጋውም ያኔ ከጠቅላላው ወጪ ጎን እዚህ ግባ አይባልም። ከሴራሚክ ሥር የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ስስ ነው፣ ለተሠራ ቤት ይመቻል። ነገር ግን በካሬ ሜትር እስከ 150 ዋት ይወስዳል፤ 20 ካሬ ሜትር ሳሎን 3 ኪሎዋት ማለት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ምሽቱን ሙሉ ሳይወርድ እንደ መዋል።

ላሊበላ ላይ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ቀያዮቹ ባለ ደርብ ጎጆዎች ቆመዋል፣ ጎብኚ ፎቶ ያነሣቸዋል። ታች ከብት የለም፣ ላይ ሰው የለም።