ሞተ ያልኩት ሲስተም

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ከዊንዶውስ፣ ከማክና ከሊኑክስ ውጪ ያሉት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች መጨረሻቸው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የቢኦኤስን ታሪክ ነገርኩት። ለእናንተም ይሁን። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዣን ሉዊ ጋሴ የሚባል ፈረንሳዊ የአፕል ሹም በ1990 ከድርጅቱ ወጣና ቢ የተባለ ኩባንያ መሠረተ። የሠሩት ሲስተም ለዚያ ዘመን ጉድ ነበር። ብዙ ቪዲዮ በአንዴ ቢከፈትበት አይንተፋተፍም፤ ከመጀመሪያውም የታሰበው ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር ላለው ማሽን ነው። ጽሑፍ የሚያስቀምጠውም በዩቲኤፍ-8 ነበር። ይቺን ያዙልኝ! ያኔ እኛ በአንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የጻፍነውን በሌላው ስንከፍተው አስማት ይመስል ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ገና በ1999 ነው።

በ1996 አፕል አዲስ ሲስተም ሲያፈላልግ ቢን ሊገዛ ተደራደረ። ጋሴ ከቀረበለት በላይ ፈለገ፣ አልተስማሙም። አፕል ዞሮ የስቲቭ ጆብስን ኔክስት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰደ። አይፎናችሁ ውስጥ ያለው የዚያ ዘር ነው። የቢ ንብረት ግን በ2001 ለፓልም በ11 ሚሊዮን ዶላር ሄደ። ቢ «ኮምፒውተር አምራቾች የኛን ሲስተም እንዳይጭኑ አድርጓል» ብሎ ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ ማይክሮሶፍትም ጥፋቱን ሳያምን በ2003 ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። ምን ዋጋ አለው፣ ኩባንያው አልቆለታል።

እኔም ያኔ ክፍል ውስጥ «ቢኦኤስ ሞቷል፣ ጊዜያችሁን አታባክኑበት» ብያለሁ። የሰማችሁኝ አላችሁ።

ተሳስቻለሁ። በዚያው በ2001 ወዳጆቹ ኮዱን ከዜሮ መጻፍ ጀመሩ። በ2004 ስሙን ሃይኩ አሉት። የመጀመሪያው አልፋ በ2009፣ የመጀመሪያው ቤታ በ2018፣ አምስተኛው ቤታ በ2024። ከ20 ዓመት በላይ ለፍተው «አንድ ነጥብ ዜሮ» ለማለት ያልቸኮሉ ሰዎች! አብዛኞቹ በትርፍ ሰዓታቸው፣ ያለ ደመወዝ። የቢኦኤስን የፋይል ሲስተም ከሠሩት አንዱ ዶሚኒክ ጃምፓውሎ ደግሞ አፕል ገብቶ ስፖትላይት ላይ ሠርቷል፤ ማካችሁ ላይ ፋይል ስትፈልጉ የምትጠቀሙበት ማለት ነው።

ሥራ ያስገኛል ወይ ላላችሁኝ፣ አያስገኝም። ሲስተም ውስጡ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ግን ኮዱ ክፍት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ከፍላሽ አስነሥታችሁ ሞክሩት፤ ሃርድ ዲስካችሁን ብቻ እንዳትነኩ!