ያልታረሰ ሰብል፦ ደንገልና የጣና ሰሜናዊ ረግረግ

ከጎንደር ከተማ የሚወርደው ጎርፍና ፍሳሽ በቀሃና በአንገረብ በኩል መገጭ ይገባል፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይደርሳል። ወንዙ ሐይቁን የሚገናኝበት ዳርቻ ቀድሞ ሰፊ የደንገል (ፓፒረስ) ረግረግ ነበር። ዛሬ አብዛኛውን ማሳ፣ ግጦሽና እምቦጭ ተካፍለውታል። ለደንገሉ መመናመን ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው አጫጁ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሌላ ነው፦ ደንገል የተሸነፈው በማጭድ ሳይሆን በሞፈር ነው፤ ምክንያቱም ሕጉም ግብርናውም ሰብል ብለው አልቆጠሩትም።

በረግረግ ላይ ውሃውን ሳያጠነፍፉ ሰብል ማምረት በአውሮፓ ዘግይቶ የመጣ ሐሳብ ነው። በውሃ በተሞላ መሬት ውስጥ አየር ስለማይገባ የዕፅዋት ቅሪት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ይከማቻል፤ ፒት የሚባለው አፈር የዚህ ውጤት ነው። ፒት ያለው መሬት ከምድር የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ቢይዝም፣ በአፈር ውስጥ ካለው ካርቦን ሲሶ ገደማውን እንደሚያከማች ይገመታል። ውሃው ሲጠነፈፍ አየር ይገባል፤ ለሺህ ዓመታት የተከማቸው ካርቦንም እየተቃጠለ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ መሬቱም ይሰምጣል። ረግረጎቻቸውን ለዘመናት ሲያደርቁ የኖሩት ጀርመኖች አሁን ቦዩን እየደፈኑ ውሃውን መመለስ ይዘዋል። በግራይፍስቫልድ ያሉ ተመራማሪዎች «ፓሉዲካልቸር» ብለው የሰየሙት የእርሻ ስልት በዚያው ረግረግ ላይ ሸምበቆና ፊላ አብቅሎ ለጣሪያ ክዳን፣ ለግድግዳ ሙቀት መከላከያና ለማገዶ ማዋል ነው። በሰሜን ምሥራቅ ጀርመን የምትገኘው የማልኺን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶቿን የምታሞቀው ከእርጥብ ሜዳ በታጨደ ሣር ነው።

ይህን ልምድ እንዳለ ደምቢያ ላይ መትከል ግን ስሕተት ይሆናል። የደምቢያ ሜዳ አብዛኛው ወንዞች ያመጡት ዋልካ እንጂ ፒት አይደለም። ፒት የሚፈጠረው ከሐይቁ ጠርዝ፣ የደንገሉ አግዳሚ ግንዶችና ሥሮች ተጠላልፈው ምንጣፍ በሚሠሩበት ቦታ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ማነጻጸሪያ የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ነው። በዚያ የተደረገ ልኬት እንዳሳየው፣ በውሃ ላይ ያለ ደንገል በአንድ ካሬ ሜትር በዓመት 1.6 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ያስቀራል፤ ውሃው ሸሽቶ ምንጣፉ ሲጋለጥ ግን ሚዛኑ ተገልብጦ ካርቦን አመንጪ ይሆናል። ወሳኙ ነገር የውሃው ከፍታ ነው።

ደንገልን ማጨድ በጣና የቆየ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከደንገል ስለሚሠራው ታንኳ ጽፏል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተሰኘውን ጀልባ ለማሠራት 12 ቶን ደንገል ከጣና አሳጭዶ ወደ ግብፅ ወስዷል። የሙያው ባለቤቶች ነገደ ወይጦዎች ናቸው፦ ወንዶቹ ታንኳ ያስራሉ፣ ሴቶቹ ቅርጫትና ሰፌድ ይሰፋሉ። ታንኳ ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድ ከጉዞ በኋላ ወጥታ ፀሐይ ትመታለች፤ ዕድሜዋም በዓመታት አይቆጠርም። እንግዲህ በየጊዜው አዲስ ደንገል የሚፈልግ ቋሚ ገበያ በሐይቁ ዙሪያ ለዘመናት ነበረ ማለት ነው፤ ደንገሉም አብሮት ኖረ። ይህ ብቻውን አጨዳን ከተጠያቂነት ለማውጣት አይበቃም፤ የሕዝቡ ቁጥርም ፍላጎቱም እንደ ቀድሞው አይደለምና። ሆኖም ማስረጃው የሚያመለክተው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው።

የጣና ከፍታ በተፈጥሮው በሰኔና በመስከረም መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ከፍታ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ እንዲመች አድርጎ መቆጣጠር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቅና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ ተደራርበው ሐይቁ ክፉኛ ጎደለ፤ መርከቦች ቆሙ፣ ደንገሉ በደረቅ መሬት ላይ ቀረ። ገበሬውም ውሃው የለቀቀውን ባሕር ሸሽ መሬት አረሰው። ማን ይፈርድበታል? የታረሰ መሬት ባለቤት ያለው መሬት ነው፤ በይዞታ ደብተር ሊገባ ይችላል፣ ለልጅ ይተላለፋል። ደንገል የቆመበት ረግረግ ቢበዛ የወል ነው፤ ብዙ ጊዜም «ባዶ» ይባላል። ለትውልድ ከደንገል ሲኖር የነበረው ወይጦ በዚያ ረግረግ ላይ በጽሑፍ የሰፈረ መብት አልነበረውም።

ገበሬው እርጥብ መሬትን አይወድም የሚለውን አስተያየት ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ያፈርሰዋል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የተሞከረው ሩዝ፣ ጎርፍ ይተኛበት የነበረውን ሜዳ የአገሪቱ ዋና የሩዝ አምራች አድርጎታል። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ከዚያ ነው ያገኘው። ወረታ ላይ ወፍጮና ነጋዴ አለ፤ የምርምር ማዕከልም ተቋቁሟል። ዋጋውን የከፈሉት ሸሸርና ወላላን የመሳሰሉት ረግረጎች ናቸው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ዘር፣ ገበያና ይዞታ ከተሟሉ ሰው በውሃ ውስጥ ቆሞም ያርሳል። ደንገል ከሦስቱ ዘር የማይቸግረው ነው፤ ከግንዱ ራሱ ይተካል።

አስቸጋሪው ጥያቄ መቼ ይታጨድ የሚለው ነው። ደንገል ከመገጭ ከሚመጣው ውሃ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይስባል። ቆሞ ከደረቀ ግን ከፊሉን ወደ አግዳሚ ግንዱ ይመልሳል፣ ከቀረው ብዙው ሲበሰብስ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የጎንደርን ፍሳሽ ለማጣራት ከታሰበ ገና አረንጓዴ ሳለ ቆርጦ ከሐይቁ ማራቅ ይሻላል፤ ታንኳ ሠሪውና ምንጣፍ ሠሪው የሚፈልጉት ደግሞ የጠነከረውን አገዳ ነው። ለጋውን ደጋግሞ መቁረጥም ተክሉን ያደክማል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ጥናቶች በአጨዳና በአጨዳ መካከል አንድ ዓመት ያህል ዕረፍት ይመክራሉ። በእኔ ግምት መፍትሔው ዳርቻውን መክፈል ነው፦ በወንዙ አፍ ያለው ለጋው ለከብት መኖ፣ ራቅ ያለው ለሙያው፣ ሲሶው ደግሞ በየዓመቱ እየተፈራረቀ ሳይነካ እንዲቆም። አምባዛ እንቁላሉን የሚጥለው በጎርፍ በተሸፈነ ረግረግ ስለሆነ ዓሣ አስጋሪውም ከዚህ ድርሻ አለው።

ማገዶን በተመለከተ እጠራጠራለሁ። በሩዋንዳ ደንገልን ጨምቆ የማገዶ ጡብ ማድረግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተሞክሯል፤ ኩበት ለሚነድበት ሜዳና እንጨት ለተወደደበት ከተማ ሐሳቡ ያጓጓል። ነገር ግን የጎንደርን የማገዶ ፍላጎት አንድ ጊዜ ካስለመዱት፣ የመገጭ አፍ ደንገል የሚበቃው አይመስለኝም። ቀስ ብሎ የሚያድግና ዋጋ የሚከፍል ገበያ ይመረጣል፦ ምንጣፍ፣ ኮርኒስ፣ የጣሪያ ክዳን። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተገነባው ሪዞርት በቅርብ ያለ ደንበኛ ሊሆን ይችላል።

ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ፣ አካባቢን ሳይጎዱ መጠቀም የሚፈቀድባቸው ቀጠናዎች አብረው ታውቀዋል። ስለዚህ የታቀደ የደንገል አጨዳ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያሻውም። የሚያሻው አጨዳውን ለተደራጁ የወይጦና የደምቢያ ቤተሰቦች በውል የሚሰጥ የወረዳ ውሳኔ ነው። ጊዜውን የሚወስነው ግን የመገጭ መስኖ ግድብ ነው። ግድቡ ውሃ መያዝ ሲጀምር ወደ ዳርቻው የሚደርሰው የክረምት ጎርፍም ደለልም ይለወጣል። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ ሲደለደል የረግረጉ ድርሻ ከማሳዎቹ ጎን በቁጥር ካልሰፈረ፣ ደንገሉ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደሆነው ዳግም በደረቅ ላይ ይቀራል።