የአዞው ሸሚዝና የእስላም ቤት ሸማኔ

ዒድ በተቃረበ ቁጥር በብዙ ቤት የሚነሳ ክርክር አለ። ልጁ ደረቱ ላይ አዞ ወይም ፈረሰኛ የተጠለፈበት፣ ኮሌታ ያለው ፖሎ ሸሚዝ ይፈልጋል። አባት ዋጋውን ሲሰማ ይደነግጣል። እናት በመሐል ገብታ «ለዒድ እኮ ነው» ትላለች። እውነተኛው ሸሚዝ በውጭ አገር መደብር መቶ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይሸጣል። ይህን በብር ስትመነዝሩት የብዙ መምህራንን የወር ደመወዝ ያስንቃል። የእኛ ልጆች እጅ የሚገባው ግን በአብዛኛው አስመስሎ የተሠራው ወይም ከሳልባጅ ክምር የወጣው ነው። ለመሆኑ አንድ ሸሚዝ ይህን ያህል ያወጣል ወይ? ጥያቄው የዘንድሮ ይመስላል። ለጎንደር ሙስሊም ግን የቆየ ጥያቄ ነው፤ አያቶቻችን የኖሩት ጨርቅ ሠርተውና ጨርቅ ነግደው ነውና። (ዘመኑን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።)

በመጀመሪያ ስለ ሐር ቀሚስ ላውሳችሁ። በጎንደር ነገሥታት ጊዜ፣ ከዚያም በዘመነ መሳፍንት፣ ጌታ ጀግንነት ለሠራ ሎሌው የሐር ቀሚስ ያለብሰው ነበር። ይህ ቀሚስ የማዕረግ ልብስ ስለሆነ ተራው ሰው በገንዘቡ ገዝቶ ሊለብሰው አይደፍርም። ሰው የሚመኘውም ከብርድ እንዲያስጥለው አልነበረም። የደጋውን ብርድ የሚችለው ጋቢ ነው። ቀሚሱ የሚፈለገው ለባሹ የማን ሰው እንደሆነ በሩቁ ስለሚናገር ነበር። ሐሩን ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ያመጡ ከነበሩት አብዛኞቹ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። እንዲያውም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ሰማያዊ የሐር ማተብ ሳይቀር በሙስሊም ነጋዴ በቅሎ ተጭኖ የመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያስቃል።

አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 ገደማ ከተማቸው አደረጓት። ልጃቸው አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 ባደረጉት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ከአሥር ዓመት በኋላም ውሳኔው እንደገና ጸና። ሰፈሩ ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሲሆን እስላም ቤት ይባል ነበር፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። ሙስሊሙ እንደ ክርስቲያኑ ርስት አያገኝም ነበርና እርሻ ተዘጋበት። የቀሩት በሮች ሁለት ናቸው፤ ንግድና ሽመና። በሁለቱም ገባ። ቤተ እስራኤሎችም በተመሳሳይ ምክንያት በሽመና፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

እስቲ የአንድ ኩታ ዋጋ እንዴት ይመጣ እንደነበር እንመልከት። ጥጡ ከቆላው ወደ ገበያ ይወጣል። ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ይለያሉ፤ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈትላሉ። አንዲት ሴት የቤቱን ሥራ እየሠራች ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል እስክታደርስ ብዙ ሳምንታት ያልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፈትሉን የምታመጣው ራሷ ባለቤቲቱ ናት፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ልትሆን ትችላለች። ለሸማኔው ቆጥራ ወይም መዝና ታስረክበዋለች። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ተቀምጦ ድሩን ይዘረጋል፤ ማጉን በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ሥራው ሲያልቅ የሚከፈለው ለእጁ ነው። ክሩ ሳስቶ እንደሆነ፣ ጠርዙ ተጣሞ እንደሆነ እዚያው ጨርቁ ተዘርግቶ ይታያል፤ ክርክርም ይነሳል። ዋጋው የጥጡ፣ የፈትሉና የሽመናው ድምር ነው። ከእነዚህ ሌላ የሚከፈልበት ነገር የለም። የሸማኔው ስም ጨርቁ ላይ አልተጻፈም፤ አሠሪዋ ግን ቤቱንም ልጆቹንም ታውቃለች።

ይሁንና ያንን ጨርቅ ለብሶ በዓል የሚያከብረው ሁሉ ሸማኔውን ያከብር ነበር ማለት አይደለም። «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ለሸማኔ የወጣ ነው። አፄ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅ የሆነ ሰው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። በዚህ ላይ መከራው ተደራረበ። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሏት። በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በታወጀ ጊዜ ብዙ ሰው ሃይማኖቱን ይዞ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ። በ1888 ደግሞ ደርቡሾች መጥተው የቀረውን አቃጠሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሽመናው መትረፉ የአላህ ሥራ ነው።

የውጭ ጨርቅ ፍቅራችንም አዲስ አይደለም። ለጥለት የሚሆን ቀይና ሰማያዊ ክር ለማግኘት ከባሕር ማዶ የመጣ ባለ ቀለም ጨርቅ ተገዝቶ ክር በክር ይተረተር ነበር። ልብ በሉ፣ ያለቀ ጨርቅ እንደገና ወደ ክር ይመለሳል! በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የአሜሪካ ፋብሪካዎች አቡጀዲ መጣ። ብርቱና ርካሽ ስለነበረ ተወደደ። በምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች የአሜሪካው ስም ሲገንን ሌሎች ፋብሪካዎች እሱን አስመስለው መሥራት ጀመሩ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ደግሞ በርካሹ የጃፓን ጨርቅ የኢትዮጵያን ገበያ ያዘ። አስመስሎ መሥራት የዛሬ ሱቆች ፈጠራ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ አዞው እንምጣ። ሬኔ ላኮስት ፈረንሳዊ የቴኒስ ተጫዋች ነበር። በጊዜው የቴኒስ ሸሚዝ እጀ ረጅምና ደረቅ ነበር። እሱ በ1926 ለአሜሪካ ውድድር እጅጌው ያጠረ፣ ላብ የሚያስተነፍስ የጥጥ ሸሚዝ ለብሶ ቀረበ። ጋዜጠኞች በአዞ ስም ይጠሩት ስለነበር ያንኑ ምልክት አደረገው። በ1933 ከአንድ የሹራብ ፋብሪካ ባለቤት ጋር ሆኖ ሸሚዙን ለገበያ አወጣው፤ አዞውንም ከውጭ ደረቱ ላይ ሰፋው። ከዚያ በፊት የሠሪው ምልክት ብዙውን ጊዜ ከውስጥ አንገቱ ላይ ነበር። ፈረሰኛው ሸሚዝ የመጣው በ1972 ከኒውዮርኩ ራልፍ ሎረን ነው። ያ የመጀመሪያው ሸሚዝ ጥሩ ሐሳብ እንደነበረ አልክድም። ለሙቀት የተመቸ፣ ለመታጠብ የሚመች ነው። የጥጡ ጥሩነትና የስፌቱ ጥንካሬ ከርካሹ ሸሚዝ በላይ የተወሰነ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ይህ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን የሐር ቀሚሱ ዋጋ ነው።

ሸሚዙን የሚሰፋው ሰውስ ምን ያገኛል? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. ኩባንያ ፋብሪካ ነበረው። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካዎች የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ያቺ ሠራተኛ መቶ ዶላር የሚያወጣ ሸሚዝ ልግዛ ብትል፣ ሳትበላና የቤት ኪራይ ሳትከፍል አራት ወር ያህል ማጠራቀም ነበረባት። ኩባንያው በጦርነቱ ጊዜ በኅዳር 2021 ፋብሪካውን ዘጋ። በጥር 2022 ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት አጎዋ ታገደች።

ሃይማኖታችን ያማረ ልብስ አልከለከለም። የተነቀፈው ኢስራፍና ለመታየት ሲባል የሚለበሰው ነው። ስለዚህ አባት ልጁን «ልብስ ምን ያደርግልሃል» ብሎ ባያሳፍረው እመክራለሁ፤ ልጁ በጓደኞቹ ፊት የሚያንስ ይመስለዋልና። ይልቅ አብረው ሱቅ ይሂዱ። ሸሚዙን ገልብጠው ስፌቱን ይዩ፤ ጎተት አድርገው ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነ ይሞክሩት፤ የኮሌታውን ጥንካሬ ይዳስሱ። አስመስሎ የተሠራውን እውነተኛ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ እሱ ማታለል ነው፤ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ሐላል አይሆንም። አባት ለራሱ ኩታ ካሰበ ደግሞ አዲስ ዓለም ወርዶ፣ ጥለቱን መርጦ፣ ከሸማኔው ጋር ቁጭ ብሎ ዋጋውን ሊነጋገር ይችላል። ልጁ «ኩታ ለብሼ ትምህርት ቤት አልሄድም» እንደሚል አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው። ለእሱ ጥጡ ደህና የሆነ፣ ደረቱ ላይ ምንም የሌለበት ሸሚዝ ይበቃዋል። በሚተርፈው ገንዘብ እህቱም ለዒድ ጫማ ይገዛላታል።