ሚና መለየት፤ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን የገና ተጫዋቾች አመራረጥ

ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የልደቱ ቅዳሴ ካበቃና ሕዝበ ክርስቲያኑ ጾሙን ከፈታ በኋላ፣ ጠዋት ውርጭ ያነጣው የደብረ ብርሃን ሣር በቀትር ፀሐይ ሲደርቅ፣ ጎልማሳውም ጎረምሳውም ጫፉ የቆለመመ የወይራ በትሩን በትከሻው አጋድሞ ወደ ሜዳው ይወርዳል። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በትራቸውን ይዘው ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት ጀምሮ፣ የጨዋታው ኳስ ስለ ሆነችው ስለ ሩሯ አመታት፣ በሜዳው ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ስለ መሆናቸው ብዙ ተነግሯል። ሩሯ ከመመታቷ በፊት የሚፈጸመው ሥርዓት፣ ማለት ወገን የመክፈሉና ተጫዋች የመምረጡ ነገር፣ ግን እምብዛም አስታዋሽ አላገኘም፤ እኔን ከጨዋታው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን እርሱ ነው።

ላይ ቤትና ታች ቤት፣ ወይም አንዱ ደብር ከሌላው ደብር ጋር የገጠሙ እንደ ሆነ ምርጫ የለም፤ ሰውን የሚመድበው የተወለደበት ቀዬ ነው። ምርጫ የሚያስፈልገው ከልዩ ልዩ ስፍራ የተሰበሰበ ሰው በአንድ ሜዳ ሲገናኝ ነው። ያን ጊዜ በጉልበትም በብልሃትም የሚመዛዘኑ ሁለት ሰዎች አባት ተብለው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የቀረው ሰው ማንም ሳያዝዘው ሯጭ ከሯጭ፣ ጉልበታም ከጉልበታም፣ ትንሽ ከትንሽ ጋር እየተጣመረ፣ አንዱ በሌላው አንገት ላይ ክንዱን ጥሎ ጥቂት ፈቀቅ ይልና በሹክሹክታ ስም ያወጣል። ጥንዶቹ ተመልሰው በአባቶቹ ፊት ቆመው «ወርቅ ትሻለህ ብር?» ሲሉ፣ ተረኛው አባት ወርቅን ይመርጥ እንደ ሆነ ወርቅ የተባለው ወደ እርሱ ይሄዳል፣ ብር የተባለውም ለባላንጣው ይሆናል።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባው ይህ ነው፤ አባቱ ሰውን አይመርጥም፣ ስምን ይመርጣል እንጂ። ማን ከማን ጋር እኩል እንደ ሆነ የሚፈርዱት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሚዛኑ በእነርሱ እጅ ስለ ሆነም፣ ጎበዝ ሆኖ ከደካማ ጋር የተጣመረ ሰው ወዲያው ይታወቅበትና «ይህ አቻህ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። ከሁሉ የሚበልጠው በጎነቱ ደግሞ፣ ጉልበተኛው ሁሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ የሚፈልገው አጥቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ብቻውን የሚቆም ሰው አለመኖሩ ነው፤ የመጨረሻው ጥንድም እንደ ፊተኛው ወርቅና ብር ተብሎ ይመጣልና። ዛሬም አቋሙ ያልታወቀውን ሰው «ሚናህን ለይ» የምንለው፣ በገና ሜዳ ወገን ከመለየት ጋር የተዛመደ አነጋገር ነው።

የጦር ሜዳ ምርጫ ግን እንዲህ አልነበረም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ሸዋን በገዙበት ዘመን፣ ሰው በዓይን ተመዝኖ፣ በትውልዱና በታማኝነቱ ተመርምሮ ይሾም ነበር፤ ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ መሰለፋቸው ከማዕርጋቸው ስም ይታወቃል። የሜዳው ጨዋታ ይህን አሰላለፍ ቢመስልም አመራረጡን አልወሰደም፤ ዕጣ የሚመስል ነገር በመካከል ማግባቱ ለወዳጅነት መጠበቂያ ይመስለኛል።

እግር ኳስ በመጣ ጊዜ ግን የመራጩ ዓይን ተመለሰ። በታኅሣሥ 1928 ዓመተ ምሕረት፣ የጠላት ጦር ወደ አገር በገባበት በዚያ ጭንቅ ወራት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በዚያው 1928 በአሜሪካ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የእነርሱ ፉትቦል ቡድኖች ባለቤቶች በፊላደልፊያ ተሰብስበው፣ ከየኮሌጁ የሚወጡትን ወጣቶች በተራ ለመከፋፈል ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ፤ ሐሳቡን ያመጣው የፊላደልፊያው ቡድን ባለቤት በርት ቤል ሲሆን፣ ሕጉም በዓመቱ የመጨረሻ የወጣው ቡድን አስቀድሞ ይምረጥ የሚል ነበር። ከሁሉ በፊት የተመረጠው ጄይ በርዋንገር ግን በቡድኖቹ ማኅበር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለፍ ቀረ። ዛሬ እነዚያ ቡድኖች ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቁበት ኳርተርባክ የሚሉት ሰው ነው፤ ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደሚያደርሳት በቅጽበት የሚወስነው እርሱ ስለ ሆነ፣ እርሱን በመምረጥ የተሳሳተ ቡድን ብዙ ዓመት ይጎዳል።

በእኛም አገር ሰውን በዓይን መዝኖ የመምረጥ ትልቁ አብነት የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በ1954 ዓመተ ምሕረት ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜ የብሔራዊው ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ በአስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ጠላት ከወጣ ገና 21 ዓመት ሳይሞላ ይህን ሰው በአገር ፊት አምበል አድርጎ ማቆም፣ ከአባቱ ወገን ይልቅ የሰውየውን ሙያ መመዘን ነው፤ እኔም ከድሉ እኩል አከብረዋለሁ። ጥር 13 ቀን ከግብፅ ጋር በተደረገው ፍጻሜ፣ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ፣ በጭማሪው ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ተፈጸመ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከግርማዊ ንጉሠ ነገሥት እጅ ተቀበለ።

ወደ ገናው ሜዳ ልመለስና፣ ልጅ ሳለሁ በአንኮበር ቁልቁለት ላይ፣ ቁጥራችን ጎደሎ የሆነ ቀን፣ ጥንድ ያጣሁት እኔ ነበርሁ። ሁሉም ወርቅና ብር፣ አንበሳና ነብር እየተባለ ተከፍሎ ሲያልቅ በትሬን መሬት ላይ ተክዬ ቆምሁ። አንዱ ትልቅ ልጅ ሁለቱን ወገን ዘወር ዘወር እያለ ተመለከተና፣ «ከታች ያሉት ሽቅብ ነው የሚመቱት፤ ለእነርሱ ይጨመር» አለ። የዚያኛው ወገን አባት ምንም ሳይል በእጁ ጠራኝና ከአጠገቡ አቆመኝ፤ ሩሯም ተመታች።